ጥፍር የሚቀበል እርሳስ

አባቴ እርሳስን የሚለዩት በጥፍራቸው ነበር። የመጣላቸውን ቁራጭ በግራ እጃቸው ይዘው የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍር ይጭኑበትና ይጎትቱታል። ጥፍሩ ገብቶ የሚያብለጨልጭ መስመር ካወጣ «ይኸ አረር ይሆናል» ይላሉ። ከተንሸራተተ ይመልሱታል። አንዳንዴም ድንጋይ ላይ ይጥሉትና ያዳምጡታል። ደግ እርሳስ ሲወድቅ ዱብ ይላል እንጂ አይጮህም። «የሚጮኸው ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል፤ በአፈ ሙዙ እሺ ብሎ አይወርድም» ይሉኝ ነበር።

ጠመንጃቸው ከአያታቸው የወረሱት፣ ባሩዱንም አረሩንም በአፈ ሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ነፍጥ ነው። አረሩ ድቡልቡል ነው። ከነፍጡ ጋር የወረሱት፣ እንደ ጉጠት የሚከፈትና የሚዘጋ፣ አፉ ውስጥ ሁለት ግማሽ ጉድጓድ ያለው ብረት አለ። እርሳሱን በአሮጌ ጭልፋ አቅልጠው እዚያ ውስጥ ያፈሱታል፤ ሲከፍቱት አንድ አረር ይወድቃል። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ያ ነፍጥ ለሌላ ሥራ ሲውል አላየሁም። ሥራው ገብስ መጠበቅ ነው።

ቀያችን ከደብረ ታቦር ወጥቶ በጉና በኩል ነው። መኪና ከሚያወርደን ቦታ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ማሳችን ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ገደሉ ደግሞ የዝንጀሮ ቤት። ገብሱ እሸት ሲይዝ አውራው ዝንጀሮ ቀድሞ ይወጣና አለት ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ከኋላው ይከተላሉ። ባዶ ባሩድ ሲተኮስ ድሮ ይሸሹ ነበር አሉ። አሁን ለምደውታል። አውራው ቀና ብሎ ያይና እሸቱን መሸልቀቁን ይቀጥላል። አረር አጠገቡ ካለው አለት ላይ ሲያርፍና ድንጋዩ ሲፈነጠር ግን መንጋው በሙሉ ገደል ይገባል፤ ሳምንት ሙሉ አይመለስም። ስለዚህ አባቴ በዓመት አምስት ስድስት አረር ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በላይ አይፈልጉም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተኩስ ሲሰማ ማንም ስለ ዝንጀሮ አያስብም። ሴቱ ልጁን እየጠራ ወደ ቤት ይሮጣል፤ ገበያ ያለው ይበተናል። አባቴ ይህን ስለሚያውቁ ከመተኮሳቸው በፊት አፋፉ ላይ ቆመው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ከበው ይጣራሉ።

«የኔ ነው! ለዝንጀሮ ነው! አትደንግጡ!»

ከማዶ አንድ ሰው «ሰምተናል!» ካላለ አይተኩሱም። ድምፃቸው ከተኩሱ ይልቅ ሩቅ ይሄድ ነበር።

ያን ዓመት እርሳሱ አለቀባቸው። እኔ ደብረ ታቦር ነበርሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከተማ ከገባሁ ቆይቻለሁ፤ ጋራዦች ካሉበት ሰፈር ሻይ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ተማሪ ሆኜም መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር፤ መምህሩ ስሜን ከጠሩ አንገቴን ደፍቼ ዝም። ሻይ ቤቱም ውስጥ ብርጭቆውን አስቀምጬ ዞር እላለሁ። ደንበኞቹ «ዝምታ» የሚል ስም አውጥተውልኛል።

አባቴ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥተው ደወሉ።

«ልጄ፣ እርሳስ አልቆብኛል። ገብሱ ዘንድሮ አምሯል፤ ዝንጀሮውም አውቆታል። ለመስቀል ስትመጪ ትንሽ እርሳስ ያዢልኝ።»

«እሺ አባባ።»

«ስሚኝ። ጎማ ቤት ቸርኬ ላይ የሚለጥፉትን አታምጪ፣ እሱ ይጮሃል። የባትሪውን ደግሞ እንዳትነኪው፤ የባትሪ እርሳስ ቤቴ አይገባም። እኔ የምፈልገው ድሮ መሬት ውስጥ ይቀበር የነበረውን የስልክ ገመድ ልባስ ነው። አሮጌ ብረት የሚገዙት ሽማግሌ ዘንድ አለ። እኔን ያውቁኛል።»

የባትሪው ለምን እንደማይገባ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሽማግሌው ግቢያቸው ከጋራዦቹ በታች ነው። መጀመሪያ የሄድሁ ዕለት በሩ ላይ ብዙ ወንዶች ስላየሁ ከማዕዘኑ ተመለስሁ። በሁለተኛው ቀን ነጠላዬን አፌ ድረስ ስቤ ተጠጋሁ። ቆርቆሮ የሚጭን አንዱ አወቀኝ።

«ኧረ ዝምታ መጣች! ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«እርሳስ» አልሁ። የራሴን ድምፅ እኔም አልሰማሁትም።

«ምን?»

«እርሳስ። የሚቀልጠው።»

«ምነው፣ ጠመንጃ ልታጎርሺ ነው?» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? እኛን አንድ ቀን እንኳ ሳታጎርሰን ለጠመንጃ ጉርሻ ፍለጋ መጣች!»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው ያን ያህል ክፉ አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ ጋለ። ከውስጥ ሽማግሌው ሚዛን ላይ እንዳጎነበሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «እርሳስ ለምንሽ ነው?» አሉ።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። ለአባቴ ነው፣ ለዝንጀሮ ነው፣ ያውቋቸዋል። ነገር ግን ሳቁ አለቀና ሁሉም መልሴን መጠበቅ ያዙ። በዚህ ዘመን እርሳስ የምትፈልግ ልጅ ምን ተብላ እንደምትታሰብ ማሰብ ጀመርሁ። የማላውቀው አንድ ሰው ደግሞ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ምንም፤ ይቅር» ብዬ ሄድሁ።

ሻይ ቤታችን ከባትሪ ሠሪ ጋር ግድግዳ ይዋሰናል። የሻይ አተላ የምደፋው ከጓሮ፣ እሱ የሞቱ ባትሪዎችን ፈልጦ ከሚጥልበት ቦታ ነው። የባትሪው ሆድ እንደ ወንፊት ባሉ ግራጫ ዝርግ እርሳሶች የተሞላ ነው፤ በላያቸው ነጭና ቡኒ ዱቄት ጋግሮባቸዋል። በማግሥቱ አተላውን ደፍቼ ቆሜ ሳያቸው ባትሪ ሠሪው አየኝ።

«ከፈለግሽ ውሰጂ፣ ለኔ ቆሻሻ ነው። እጅሽን ግን ታጠቢ።»

ምንም አልጠየቀኝም። ያልጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ስለነበረ ወሰድሁ። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ከልብሴ ሥር ከተትሁት። እርሳስ እርሳስ ነው፣ ሲቀልጥ ማን ይለየዋል አልሁ።

ስለ በሬው እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። አባቴ የነበራቸው አንድ በሬ ነው፣ ዳልቻ በሬ። ጎረቤታችንም አንድ በሬ ነበረው። ሁለቱን ያቀናጁና ሦስት ቀን የእኛን፣ ሦስት ቀን የእሱን ያርሳሉ። መቀናጆ ይባላል። በእኛ አገር አንድ በሬ ያለው ሰው በመቀናጆ ገበሬ ነው። በሬው ከሞተ ግን መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጥና ከራሱ ማሳ የሚደርሰው ግማሽ እህል ይሆናል። አባቴ እንዲህ የሆኑ ሽማግሎችን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ንቀው ሳይሆን ፈርተው ይመስለኛል።

ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው አገሬ ገባሁ። እናቴ ወፍጮ ቤት ሄዳለች፤ አባቴ ማሳ ላይ ናቸው። ከረጢቱን ስፈታው ያ ዱቄት እንደጋገረ አለ። አባቴ እንዲህ ሆኖ ካዩት ባትሪ መሆኑን ለመለየት ጥፍርም አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ በአጥሩ ጥግ ካለችው ዝርግ ድንጋይ ላይ እያስቀመጥሁ በጠጠር ወቀጥኋቸው። ዱቄቱ ረገፈ። የረገፈውን በእጄ ጠራርጌ፣ ድንጋይዋ ላይ የቀረው እንዳይታይ አመድ በተንሁበት። የቀረውን ብረት አጥቤ፣ እየጠቀለልሁ በጠጠር ደበደብሁና ጓል አስመሰልሁት።

ያች ድንጋይ አባቴ ለበሬያቸው አሞሌ ጨው የሚያስልሱባት ድንጋይ ናት። አላውቅም ነበር ልል አልችልም። እዚያው ቤት ነው ያደግሁት። ድንጋይዋ ዝርግ ስለሆነችና ለሥራ ስለተመቸችኝ ብቻ፣ የማን እንደሆነች አላሰብሁም።

ማታ አባቴ ጓሉን በግራ እጃቸው ያዙና ጥፍራቸውን ጎተቱ። ተንሸራተተ። እንደገና ጎተቱ። ወደ እሳቱ ብርሃን ጠጋ ብለው አዩት።

«ከየት ነው ልጄ?»

«ከሽማግሌው ነው፣ አባባ።»

«ከገመዱ ልባስ?»

«አዎ።»

ጥፍራቸውን አዩ። ከዚያ ፈገግ አሉ። «ጥፍሬ አርጅቷል» አሉ። «ዓይኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

እናቴ «ጥርስዎ ሲሄድ ምን ብለው ነበር?» ስትላቸው ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

በማግሥቱ ደጅ እሳት አንድደው ሰባት አረር አፈሰሱ። ከላይ የሰፈፈውን አረፋ በጭልፋ እየገፈፉ «ቆሻሻው በዝቷል» ሲሉ ሰማኋቸው። የመጀመሪያውን ሲያጎርሱ አረሩ አልወርድ ብሎ በመጎሰሚያው እንጨት ብዙ ታገሉ፤ ግንባራቸው አላበው። ከዚያ አፋፉ ላይ ቆመው ተጣሩ፤ ከማዶ መለሱላቸው፤ ተኮሱ። አረሩ አለቱን አገኘው። ዝንጀሮው በሙሉ ገደል ገባ። አባቴ እንደ ልጅ ጭናቸውን በእጃቸው መቱ።

«እሰይ! ለሽማግሌው በሶ ትወስጂላቸዋለሽ። ቀድሞ ከደረሰው ገብስ።»

በመስቀል ማግሥት ዳልቻው በሬ ሣር አልበላም አለ። ከሰዓት በኋላ ጥርሱን ያፋጭ ጀመር፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደሚፈጭ ድምፅ ነበረው። በነጋታው ከበረቱ ስናወጣው ከአጥሩ ጋር ተጋጨ። አባቴ እጃቸውን በዓይኑ ፊት አወዛወዙ፤ ዓይኑ አልተርገበገበም። ዓይኑ ግን ደህና ነበር፣ የተከፈተና የጠራ። ግንባሩን ግድግዳው ላይ ገጥሞ ቤቱን ሊያርስ የፈለገ ይመስል ይገፋ ነበር። ጆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ከአፉ አረፋ ይወርዳል።

አባቴ ጨው አምጥተው በመዳፋቸው ሰጡት፤ አልላሰም። ከዚያ ወደዚያች ድንጋይ ሊወስዱት ጎተቱት። ያን ጊዜ ነው ያየኋት። አመዱ የለም። ድንጋይዋ ተልሳ ጸድታ ታብለጨልጫለች።

የእንስሳት ሐኪሙ በበቅሎ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሕትና ያለው። በሬውን ዙሮ አየና አባቴን ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ ምን በላ?»

«ሣር፣ ጭድ፣ ጨው። ከዚህ ሌላ ምን አለኝ?»

«የመኪና ባትሪ፣ ቀለም፣ እንዲህ ያለ ነገር አልላሰም? ባትሪ የላሰ ከብት እንዲህ ይሆናል።»

«ኧረ ባትሪ ከየት መጥቶ! ቤቴ አይገባም። እርሳስ እንኳ ያቀለጥሁት ንጹሑን ነው። ይችው ልጄ ናት ከታመነ ሰው ያመጣችልኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል እንኳ በእኔ የመኩራት ነገር ነበረበት። «አይደለም እንዴ ልጄ?»

ሐኪሙ አየኝ። እናቴ አየችኝ። ጎረቤታችን፣ የመቀናጆው ባለ በሬ፣ አጥሩን ተደግፎ አየኝ።

«ነው» አልሁ።

«እንግዲያስ ያበደ ውሻ ነክሶት ይሆናል» አለ ሐኪሙ። «ባትሪ ቢሆን ኖሮ አንድ የምሞክረው መድኃኒት ነበር፤ ከከተማ ሰው ልኬ አስመጣ ነበር። ለዚህ ግን መድኃኒት የለውም። ቢሞት እንዳትበሉት፤ ቆዳውንም እንዳትነኩ።»

ያን ሌሊት ምን ያህል ጊዜ ተነስቼ እንደተቀመጥሁ አላውቅም። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ ያደረው ከእኛ በታች ካለው መንደር ነው፤ በሩጫ ይደረስበታል። ግን ስናገር የሚያዩኝን ዓይኖች አስባለሁ፤ ከዚያ «ነገ» እላለሁ። በነጋታው ሐኪሙ ሄዷል። በሦስተኛው ቀን በሬው ወደቀ፤ እግሩን እንደሚሮጥ ሁሉ እያወራጨ ቆየና ዝም አለ።

ሌላ ጊዜ እግሩ የተሰበረ በሬ እንኳ ታርዶ ለጎረቤት ቅርጫ ይሆናል፤ ባለቤቱም ትንሽ ነገር ይዞ ጥጃ ይገዛል። ዳልቻው ከነቆዳው ተቀበረ። ስድስት ወንዶች ናቸው ጉድጓዱን የቆፈሩት። አባቴ አፈር ከመመለሱ በፊት ቀንበር የላገውን ትከሻውን ዳሰሱት።

እናቴ «ዓይን ነው» አለች። በመስቀል ዕለት አንዲት ጎረቤታችን በሬውን አይታ «አቤት እንዴት ያለ ሰንጋ ሆነ!» ብላ ነበር። እናቴ ከእሷ ጋር ሰላምታ አቆመች። ሴትዮዋ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስታገኛት «ምን አደረግሁሽ እቴ?» ብላ አለቀሰች አሉ። ይህንንም ሰምቼ ዝም አልሁ። አንድ ዝምታ ሌላውን ይወልዳል፤ ወልዶም አይበቃውም።

የበልግ እርሻ ሲደርስ ጎረቤታችን መጣ። ቁጭ አላለም።

«ወንድም ጋሼ፣ የኔም በሬ ብቻውን አይጎትት።»

«አውቃለሁ።»

«ከላይኛው ሰውዬ ጋር ልቀናጅ ነው።»

«ደግ አደረግህ። መልካም በሬ አለው» አሉት አባቴ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ በስልክ እያለቀሰች። አባቴ ከዚያ በኋላ ወደ ጉብታው ወጥተው አልደወሉልኝም። መሬቱ ለእኩል አራሽ ተሰጠ።

ያ በሶ ግን እጄ ላይ ነበር። ከተማ ስመለስ አባቴ በጨርቅ ቋጥረው፣ በሬው ሞቶ እንኳ ሳይረሱ፣ «ለሽማግሌው» ብለው የሰጡኝ። ከአልጋዬ ሥር ዓመት ሊሞላው ሆነ። መጣል አልቻልሁም፤ መብላትም አልቻልሁም። እንደገና መስቀል ሲቃረብ አዲስ በሶ ገዝቼ በዚያው ጨርቅ ቋጠርሁና ወደ ሽማግሌው ግቢ ሄድሁ። ወንዶቹ ነበሩ። አንዱ «ዝምታ!» አለ። አልሰማሁትም፤ ወይም ሰምቼ ገባሁ።

«አባቴ ናቸው የላኩልዎ» አልሁ። «ለገደሉ ዝንጀሮ አረር የሚያፈሱት። እርሳስ ይፈልጋሉ፣ የገመዱን ልባስ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «አሉ እንዴ እሳቸው? ምነው ታዲያ ዓምና ሳይልኩ? አስቀምጬላቸው ነበር እኮ።» ከወንበራቸው ሥር አንድ ጥቅል አወጡ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። በሶውን አሽትተው መረቁኝ።

ያ ሁሉ ይኸው ነበር። ከበሩ እስከ ሚዛኑ ሰባት እርምጃ አይሞላም።

ለመስቀል አገሬ ገባሁና ጥቅሉን ለአባቴ ሰጠኋቸው። ለምን እንደወሰድሁት አላውቅም። የሚጠብቁት ገብስ የላቸውም፤ እኩል አራሹ ወንጭፍ የሚወረውሩ ጎረምሶች አሉት። ምናልባት እርሳሱ በእኔ ፈንታ እንዲናገር ፈልጌ ይሆናል።

በግራ እጃቸው ያዙት። ጥፍራቸውን ጫኑበት። እንደ ቅቤ ገባ። የሚያብለጨልጭ ረጅም መስመር ወጣ። አባቴ መስመሩን አዩ፤ ከዚያ ጥፍራቸውን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኸ ከየት ነው?»

«ከሽማግሌው።»

«ያኛውስ?»

«ከባትሪ ቤት» አልሁ። «ዱቄቱን ያራገፍሁት ከጨው ድንጋይዋ ላይ ነው።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ቆመች። አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ፣ በትር ቢያነሱ እወድ ነበር። እርሳሱን መሬት ላይ አስቀመጡት፤ ዱብ አለ፣ አልጮኸም።

«ሐኪሙ ሲጠይቅ ለሐኪሙ ብትነግሪው ምን ነበረበት» አሉ። ጥያቄም አልነበረም።

እናቴ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ወደ ማን ቤት እንደምትሄድ አውቄአለሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያላናገረቻት ሴት ዘንድ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ከገደሉ በኩል የአውራው ዝንጀሮ ጩኸት መጣ። አባቴ ጆሯቸውን አቀኑ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሊሄድ ጀምሮ ነበር፤ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ነፍጡ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ዝንጀሮው ደጋግሞ ጮኸ፤ ከማዶም ማንም «ሰምተናል» አላለም፤ አባቴ አልተጣሩምና። እኔ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ያን መስመር አየው ነበር። በማግሥቱ ስወጣ «በሰላም ግቢ» አሉኝ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። ልጄ አላሉኝም።